ቡልዌ የታየች ዕለት

«ዓይንሽ ንጹሕ ነው?» አሉ አያቷ፣ አንድ እግራቸው ታንኳው ውስጥ፣ አንዱ ጭቃው ላይ እንደሆነ።

«ንጹሕ ነው፣ ጃጃ» አለች ናቡማ።

ጥያቄው የየማለዳ ነው። በዚህ የሐይቅ ዳርቻ ማንም ዓሣ አጥማጅ ከፊት የሚቀመጠውን ሰው ይህን ሳይጠይቅ ታንኳውን ከጭቃው አያላቅቅም። ቡልዌን አላየሽም ወይ ማለታቸው ነው። ቡልዌ ምንቃሯ የትልቅ ሰው ጫማ የሚያክል፣ ቁመቷ ከናቡማ ደረት የሚደርስ ግራጫ ወፍ ናት። ደንገሉ መካከል ትቆማለች፤ ከቆመች ደግሞ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አትልም። እሷን ለማየት ብሎ ባሕር ተሻግሮ ኢንቴቤ የሚወርደው እንግዳ ብዛቱ አይጣል ነው። አጥማጆቹ ግን እሷን ያዩ ቀን መረባቸውን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቡልዌን ያየ ዓይን ዓሣ አያይም ይላሉ። መንገድ ላይ ብትታይ እንኳ ያየው ሰው «አየሁ!» ብሎ ይናገራል፣ ታንኳው ይዞራል፣ በቃ፤ የዚያን ቀን ሥራ የለም።

ናቡማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከፊት የምትቀመጠው እሷ ናት፤ የአያቷ የሙዜ ኪዛ ዓይን የሩቁን ነገር አጥርቶ ማየት ከተወ ቆይቷል። እሳቸው ከኋላ ቆመው ታንኳውን በረጅም ዘንግ ይገፋሉ፣ እሷ ከፊት ሆና ታያለች። ሥራውንም አያቷንም ትወዳለች። ችግሩ ቡልዌንም መውደዷ ነው።

ይህን ፍቅር ያመጡባት የጓደኛዋ የባቢርዬ አክስት እትዬ ጆቪያ ናቸው። እትዬ ጆቪያ እንግዶችን በታንኳ ወደ ረግረጉ እየወሰዱ ወፍ የሚያሳዩት አስጎብኚዎች አለቃ ሲሆኑ፣ ያዋሷትን የወፎች መጽሐፍ ናቡማ ሽፋኑ እስኪገነጠል አንብባዋለች። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ልጆችን በተለማማጅነት ይቀበላሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ልጁ ከገዛ ቤቱ ታንኳ ይዞ መምጣት አለበት። የዘንድሮው ምዝገባ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከሙዜ ኪዛ ቤት ጀርባ፣ ከሙዙ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ታንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ተደፍታ ተቀምጣለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት እትዬ ጆቪያ ራሳቸው ወደቡ ድረስ መጥተው ታንኳዋን ለናቡማ እንዲሰጧት ለመኗቸው። ሙዜ ኪዛ በሰው ፊት ከት ብለው ሳቁ።

«ስሙ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ቡልዌ በታየችበት ቀን የኔ ታንኳ ዓሣ ይዞ ከተመለሰ፣ ትንሿ ታንኳ የናቡማ ትሁን! ያውም ቀለም ቀብቼ!»

ወደቡ በሳቅ ተናጋ። ዝናብ ከታች ወደ ላይ ከዘነበ እንደማለት ነበራ።

ናቡማ ግን በማግሥቱ ከፊት ተቀምጣ ሳለ አንድ ነገር አሰበች። «ጃጃ፣ ቡልዌን አይተው መረብ ጥለው ያውቃሉ?»

«ምን? አብጃለሁ እንዴ?»

«የሚያውቁት ሰውስ ጥሎ ያውቃል?»

«ማንም ጤነኛ ሰው አይጥልም!»

«ታዲያ ዓሣ እንደማይያዝ በምን ታወቀ?»

ከኋላዋ ዘንጉ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉ ሙዜ ኪዛ። «አርፈሽ ወደፊት እይ!»

አርፋ ወደፊት ስታይ ነው እንግዲህ ዛሬ፣ በሐሙሱ ማለዳ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ያየቻት።

ቡልዌ ከደንገሉ ጥግ፣ የውኃ አበቦቹ ላይ ቆማለች። ራሷን ደፍታ ውኃውን ታያለች። ናቡማ የጠዋቱ ብርድ ድንገት ጠፋላት። አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ከቅርብ አይታት አታውቅም። «አየሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ካለችው ታንኳው ይዞራል፤ አያቷ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፤ ነገም ያው፣ ከነገ ወዲያም ያው። ዝም ካለች ግን መረቡ ቢያንስ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ፊቷን ወደ ሌላው ወገን አዞረች።

«ምን አየሽ?» አሉ አያቷ። ዓይናቸው ቢደክምም ትከሻዋ ሲደነግጥ ያውቃሉ።

«ዳክዬ ናት።»

«እስቲ ዓይኔን ግንባር ያድርገው በይ!» እንደ ቀልድ ነው ያሉት።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች ናቡማ። ከአፏ ሲወጣ ግን ቀልድ አልመሰላትም።

ፀሐይ ገና ሳትጠነክር መረቡ አልሳብ አለ። ቆሮሶው በላይ በላዩ ይዘላል፤ ከሥሩ ደግሞ ክንዷን የሚያክል አንድ አምባዛ ተጠቅልሎ ወጣ። ሙዜ ኪዛ እንደ ልጅ ሳቁ። «ጎትቺ! ጎትቺ የኔ እመቤት!» ይላሉ፣ መልሰው ደግሞ «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። ናቡማም ሳቀች፤ ደስታዋ የእውነት ነበር። ከወር በላይ እንዲህ ያለ ዓሣ አልያዙም። ሲመለሱ አያቷ ዘንጉን እየገፉ ዘፈን አወጡ፣ እሷም ተቀበለቻቸው።

ወደቡ ላይ ሰው ከበባቸው።

«እዩ!» አሉ ሙዜ ኪዛ አምባዛውን በሁለት እጃቸው አንሥተው። «ዓይነ ንጹሕ ልጅ ከፊቱ ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ነው!»

«ሙዜ፣ ልጅቷን ለአንድ ቀን ያውሱን!» አለ አንዱ አጥማጅ።

«ጥርሴን ልዋስ ካልክ አውስሃለሁ፤ እሷን ግን አላውስም። ቅዳሜም እሑድም ከኔ ጋር ናት። ወፍ አሳይ ነን ባዮቹ ይህን ዓይን አያበላሹብኝም!»

የናቡማ ደስታ እዚያው ላይ ተቆረጠ። መረቡ ውኃ ውስጥ ቢገባ አያቷ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ጭራሽ በእሷው ውሸት እምነታቸውን አጠነከሩበት።

ባቢርዬን ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ከሚጋገርበት ዳስ አጠገብ አገኘቻትና ወደ ጥግ ጎትታ ሁሉንም ነገረቻት። ባቢርዬ እንቁላል የተጠቀለለባትን ቻፓቲ መግመጧን አቆመች።

«አየሻት? እና ዝም አልሽ?»

«ዝም።»

«ኧረ አንቺ ጉደኛ! አሸንፈሻል እኮ! በታየችበት ቀን ነው ያሉት፤ ማን ይያት ማን አልተናገሩም። አሁኑኑ ሂጂና ሰው ፊት ንገሪያቸው። ታንኳሽን ከነቀለሙ ትወስጃለሽ።»

«ሰው ፊት?»

«ሲወራረዱስ ሰው ፊት አልነበር እንዴ? ፋራ አትሁኚ!»

ናቡማ ወደ አያቷ አየች። የአምባዛውን ርዝመት ለአዲስ መጪ በእጃቸው እያሳዩ ነው፤ ባሳዩ ቁጥር ዓሣው ይረዝማል። አሁን ብትናገር ያ ሁሉ ሰው ይስቃል። አጥማጅ ሁሉ ለወራት «የልጅ ልጃቸው የሸወደቻቸው ሙዜ» እያለ ይቀልድባቸዋል። ታንኳዋን ታገኛለች፤ አያቷ ግን እንደዚህ እጃቸውን ዘርግተው አይስቁም።

«ሆድ ይፍጀው» አለች።

«ያንቺ ሆድ? ይፈነዳል እንጂ አይፈጀውም!» አለች ባቢርዬ። ቢሆንም ለማንም ላትናገር ማለች።

ማታ እናቷ ከተቀቀለ ሙዝ የተሠራውን ማቶኬ ከዓሣው ጋር አቀረበች። በዚያ ቤት የዓሣው ራስ የሚሰጠው ለአያቷ ብቻ ነበር። ሙዜ ኪዛ ግን የአምባዛውን ራስ አንሥተው ናቡማ ሳህን ላይ አስቀመጡት። «ያየ ይብላ» አሉ። ናቡማ እጅ ነሥታ ጎረሰች። ታንኳዋን ረስታ ነበር። የምታስበው ነገ ማለዳ የሚጠይቋትን ጥያቄ ብቻ ነው።

በነጋታው ጉም ውኃው ላይ ተኝቷል። ሌሎቹ ታንኳዎች ገና አልተነሡም። አያቷ አንድ እግራቸውን ታንኳው ውስጥ አስገቡ።

«ዓይንሽ ንጹሕ ነው?»

ናቡማ ከታንኳው ወርዳ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ በአገሩ ልጃገረድ ለሽማግሌ እንደምታደርገው።

«ዛሬ ንጹሕ ነው፣ ጃጃ። ትናንት ግን አልነበረም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቡልዌን አይቼ ዋሸሁዎት። ዳክዬ አልነበረችም።»

ሙዜ ኪዛ ያስገቡትን እግር መልሰው አወጡ። ታንኳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልሽኝ።»

«አልኩ።»

ሻካራ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሯን፣ ቀጥሎ የዓይኗን ሽፋን ዳሰሱ። «ሁሉም በየቦታው አለ» አሉ። ድምፃቸው ግን አልሳቀም። «ለማን ነግረሻል?»

«ለባቢርዬ ብቻ።»

«ለባቢርዬ ከነገርሽማ ለሬዲዮ ነግረሻል።»

«ምላልኛለች። ውርርዱንም አልቆጥረውም፣ ጃጃ። ታንኳውን አልጠይቅዎትም። የዋሸሁት ለሱ ብዬ ነው፤ አሁን ግን አልፈልገውም። ይቅርታ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከደንገሉ ውስጥ እንቁራሪቶች ይጮኻሉ።

«ያ ሁሉ ዓሣ» አሉ በመጨረሻ፣ «እሷን ካየሽ በኋላ ነው የገባው?»

«በኋላ ነው።»

«አምባዛውም?»

«አምባዛውም።»

«እንግዲያ ስልሳ ዓመት ሙሉ እኔ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስንት ማለዳ መረባቸውን ጠቅልለው እንደተመለሱ የሚያስቡ ይመስላል። ናቡማ አዘነችላቸው።

ሙዜ ኪዛ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ነይ ተነሺ፣ ጭቃው ይበርዳል። የትናንቱ ዓሣ ውሸት አለበት፤ ለውርርዱ አይቆጠርም። ዘንጉን ያዢ።»

«እኔ?»

«ዛሬ የማየው እኔ ነኝ» ብለው ከፊት፣ እሷ ቦታ ላይ ተቀመጡ። «ውሰጂኝ።»

ዘንጉ ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነው። መጀመሪያ ታንኳው አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየሄደ የደንገሉን ሥር ገጨ። አያቷ ሳይዞሩ «የሰከረ ጉማሬ እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አሉ። ይህን ሲሉ ልቧ ቀለል አላት። የተቀየመ ሰው እንዲህ አይቀልድም።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ዘንጉን ጭቃው ውስጥ ተክላ ታንኳውን አቆመች። ቡልዌ ትናንት በነበረችበት ቦታ ናት። ይበልጥ መቅረብ ትችል ነበር፤ ግን መጽሐፉ ከዚህ በላይ ከቀረቧት እንደምትሸሽ ይናገራል።

«የታለች?» አሉ በሹክሹክታ።

«ከነጩ አበባ በስተቀኝ። ጉቶ የሚመስለው።»

አንገታቸውን አሰገጉ። ዓይናቸውን አጠበቡ። ጉቶው ራሱን ቀስ ብሎ አቀና፤ ያን ትልቅ ምንቃር ወደ እነሱ መልሶም አያቸው።

ሙዜ ኪዛ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚህ በፊት ባዩዋት ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ቆም ብለው ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው።

«ኧረ!» አሉ ቆይተው። «ይቺ እኮ ዓሣ የምትጠብቅ አሮጊት ናት። እንደኔው።»

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሕግ ሕግ ነውና፣ «አየሁ» አሉ።

አሁን ታንኳው መዞር አለበት። የሚያዞረው ደግሞ ዘንጉን የያዘ ሰው ነው። ከኋላቸው ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ነው፤ ከፊት ለፊት የዓሣው ውኃ። ናቡማ አያቷ ትእዛዝ እንዲሰጧት ጠበቀች። እሳቸው ግን እግራቸው ሥር ያለውን መረብ ጭናቸው ላይ አውጥተው ቋጠሮውን ይፈቱ ጀመር።

ናቡማ ዘንጉን ከጭቃው ነቀለችና ታንኳውን ወደፊት ገፋችው። በቡልዌ ፊት ቀስ ብለው አለፉ፤ ወፏ ንቅንቅ አላለችም።

«ናቡማ» አሉ አያቷ፣ ዓይናቸውን ከመረቡ ሳያነሡ። «ምናልባት እንኳ፣ ምናልባት ነው የምልሽ፣ የትንሿ ታንኳ ቀለም ምን ዓይነት ይሁን?»

አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ ወፏን አየች።

«ግራጫ» አለች።