ያልተመለሰለት መብራት

መጀመሪያ የወደደችው ፊቱን አልነበረም። ፊቱንማ የት አይታው! የወደደችው መብራቱን ነው።

እሷ የሆስፒታል ሰርቪስ ሾፌር ናት። በየማለዳው አሥራ አራት ነርሶች ከላይኛው ሰፈር አሳፍራ፣ አሥራ አንድ ኩርባ ያለውን ቁልቁለት ወርዳ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ታወርዳቸዋለች። ነርሶቹ «ካፒቴን» ይሏታል። የተቆጣች ቀን ደግሞ «ዛሬ ባሕሩ ተናውጧል» ተባብለው ዝም ይላሉ።

እሱ በዚያው ሰዓት ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ከፋብሪካው ዱቄት ጭኖ ላይ ላሉት ዳቦ ቤቶች ያደርሳል። ከመኪናው አፍንጫ እስከ ራሱ ቅንድብ ነጭ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ሁሉ «ዱቄቱ» ነው የሚለው።

እንግዲህ ሁለቱ የሚተላለፉት በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለዓይን እርግብታ ያህል ነው። በዓይን እርግብታ ምን ይባላል? ለሚያውቅበት ብዙ ይባላል።

የመብራትን ቋንቋ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው፣ ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ለሌላ ሰጥተው ቤት የገቡ ሰው ናቸው። መንጃ ፈቃድ ያወጣች ዕለት ከፊታቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ሰው አፍ የለውም፤ አፉ የፊት መብራቱ ነው» አሏት። «አንድ ጊዜ ብልጭ ካደረገልሽ ሰላም እያለሽ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ከፊትሽ ከብት ወይ ድንጋይ አለ፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው። ረዘም አድርጎ ሦስት ጊዜ ካበራ ግን ቁሚ። አትጠይቂ፣ አታንገራግሪ፣ ቁሚ። ከፊትሽ መንገድ የለም።»

«ቢዋሸኝስ?»

አባቷ ነውር ነገር እንደ ተናገረች ሁሉ አዩዋት። «አፍ ይዋሻል። መብራት አይዋሽም።»

ዱቄቱን ስታይ የአባቷ ነገር ገባት። ሌላው ሾፌር ረጅም መብራቱን ዓይኗ ውስጥ ሞጅሮ ያልፋል። ዱቄቱ ግን ገና ከሩቅ፣ ሳይለመን፣ መብራቱን ዝቅ ያደርግላታል። ትልቅ ሰው ሲያይ ኮፍያውን እንደሚያወርድ ሰው። ጥጃ መንገድ ላይ ተኝቶ ከሆነ ሁለቴ ብልጭ ያደርግላትና፣ አስጠንቅቄያለሁ ብሎ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ፍጥነቷን መቀነሷን እስኪያይ ራሱም ያዘግማል። በጉም ቀን ደግሞ ከኩርባው በፊት ጥጉን ይዞ ይጠብቃታል።

«ይሄ ሰው ሚስቱንም እንዲህ ነው የሚጠነቀቅላት?» ብላ አሰበች አንድ ቀን። ወዲያው ደግሞ «ሚስት ኖረው አልኖረው እኔን ምን አገባኝ!» ብላ ማርሽ ቀየረች። የቀየረችው ማርሽ የተሳሳተ ነበርና መኪናው አጓራ።

ማታ ራት ሲቀርብ አባቷ «ዛሬስ ዱቄቱ ምን አለ?» ይላሉ።

«ሁለቴ አበራ። አምስተኛው ኩርባ ላይ ድንጋይ ነበር።»

«ጎሽ! እሱ ሰው ነው።»

እናቷ ሳህን እያነሱ «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ልጄን ሾፌር አታስመኛት» ይላሉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜ የሞተር ድምፅ ሳዳምጥ ጆሮዬ አረጀ። እሷ ራሷ መንዳቷ አንሶ ሌላ ሾፌር ልትጨምርብኝ?»

«ማን ሾፌር አገባለሁ አለ እማዬ?»

«ማንም አላለም። አፍሽ አላለም። ጉንጭሽ ግን ቀልቷል።»

ፊቱን ያየችው ነዳጅ ማደያ ነው። ከነጩ መኪና ወርዶ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ቁልፉን እያሽከረከረ ወደ እሷ መጣ። በመብራት እንዲያ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው በአፉማ እንዴት ይናገር ይሆን!

«ደ... ደህና ነሽ?» አለ። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። አነሳው። የሚናገረው ነገር ፍለጋ ዙሪያዋን ሲያይ ቆይቶ በመጨረሻ ዓይኑ ጎማዋ ላይ አረፈ። «ጎማሽ... ጥሩ ነው» ብሎ ተመልሶ ሄደ።

ይህን ነርሶቹ ሰሙ። ሲጣሉም፣ ሲታረቁም፣ ጠዋት ሲሳፈሩም ሁሉ «ካፒቴን፣ ጎማሽ ጥሩ ነው!» ሆነ ሰላምታቸው። እሷም እየሳቀች ትነዳለች። ሁለት ወር ሙሉ በማደያው ይገናኛሉ፤ ሁለት ወር ሙሉ ምላሱ ይታሰራል። ጠዋት ግን መብራቱ ይናገራል።

አንድ ጠዋት፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ ሰባተኛው ኩርባ ጋ ስትደርስ ከታች የሱን መብራት አየች። ረዘም ያለ። ሌላ ረዘም ያለ። ሦስተኛ።

አልጠየቀችም፤ አላንገራገረችም። ፍሬኑን በኃይል ረገጠች። አስፋልቱ ርጥብ ነውና መኪናው ተንሸራቶ ቆመ። የዋናዋ ነርስ የሻይ ፔርሙዝ ተንከባለለ፤ አንዷ ጮኸች። ከኋላ የአትክልት ጭነት መኪና ጎማው እያፏጨ መጣ፣ መጣ፣ መጣና፣ ከሰርቪሱ ጀርባ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ዱቄቱ ከመኪናው ወርዶ በሩጫ መጣ።

«ምን ሆነ? መንገዱ ተናደ?» አለችው።

«አይ፣ መንገዱ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የምነግርሽ ነገር ነበረኝ። ማደያው ላይ ሰው ይበዛል፣ ምላሴ እምቢ ይለኛል። እዚህ ከሆነ ብዬ...»

ከኋላ ነርሶቹ መሳቅ ጀመሩ። ካፒቴን ግን ስፖኪዮዋ ውስጥ ያቺን አንድ ክንድ ክፍተት እያየች ነበር። ድምፅዋን አላነሳችም። ብትቆጣ ይሻል በነበረ ዓይነት ዝግታ ነው የተናገረችው።

«ስንት ሰው ይዣለሁ?»

«እ?»

«ቁጠር።»

በመስኮቱ አየ፤ ቆጠረ። «አሥራ አራት።»

«ከኔ ጋር አሥራ አምስት። እዚህ መንገድ ላይ ሳልጠይቅ የማምነው አንድ ነገር ነበረኝ። እሱን ዛሬ ወሰድክብኝ።»

ሞተሯን አስነስታ ቁልቁለቱን ወረደች።

ማታ አባቷ እንደ ልማዳቸው «ዱቄቱ ምን አለ?» ሲሉ «ምንም» አለች። ለማንም አልተናገረችም። ነገሩን ያወጣው ራሱ ነው።

ሾፌሮች የሚውሉበት ሻይ ቤት አለ። ዱቄቱ እዚያ ገብቶ፣ ብርጭቆ ሁሉ ፀጥ እስኪል መሀል ላይ ቆሞ «በውሸት ሦስቴ አብርቻለሁ። አሥራ አምስት ነፍስ ይዛ የነበረች ሰው አስቁሜያለሁ። የሚገባኝን ስጡኝ» አለ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አንዴም አልተንተባተበም ይባላል።

የሚገባው የታወቀ ነው። በዚያ መንገድ በሾፌሮች ዘንድ በመብራት የዋሸ ሰው «ይጨልምበታል»። አደጋ ካለ ይነግሩታል፣ ነፍስ ነውና። ሰላምታ ግን የሚመልስለት የለም። ቅጣቱን የሚያነሳውም ሽማግሌ አይደለም፤ የተዋሸው ሰው ቀድሞ መብራቱን ከመለሰለት ብቻ ነው ሌላው የሚከተለው።

ወሬውን አባቷ ከድሮ ባልንጀሮቻቸው ሰምተው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«እኔ ሰው ነው ብዬሽ ነበር። እኔም ተሳሳትኩ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ካፒቴን ሰውየውን በትክክል ያየችው።

በማግስቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አደረገ፤ ሰላም ማለቱ ነው። አልመለሰችም። ከኋላዋ ያለው አውቶቡስ አልመለሰም። የአሸዋ መኪናው አልመለሰም። የአትክልት መኪናው ሾፌር ጭራሽ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰደበው። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ፤ በአሥረኛውም እንዲሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፋል። «እናንተ ካልመለሳችሁ እኔስ ለምን እደክማለሁ» ብሎ ረጅም መብራቱን ለቆ ያልፋል። እሱ ግን ለእያንዳንዱ መኪና፣ ለሚሰድበውም ጭምር፣ መብራቱን ዝቅ ያደርጋል። ድንጋይ ሲኖር ሁለቴ ያበራል፤ ሰው መስማቱን እስኪያይ ያዘግማል። አንድ ጠዋት ፍየሎች መንገዱን ሞልተውት ነበርና ያንኑ ተሳዳቢ ሁለቴ አብርቶ አዳነው። ሰውየው ፍየሎቹን አለፈና እንደገና ሰደበው።

«ይሄ ልጅ ምን ጉድ ነው!» አለች ዋናዋ ነርስ። «የማይመልስለትን ሰው ሰላም ማለት አይሰለቸውም?»

ካፒቴን መሪውን አጥብቃ ያዘች።

ማታ ለወላጆቿ ተናገረች። እናቷ የሚፈትጉትን ምስር ትተው አዳመጧት።

«ማንም ሳይመልስለት ማብራቱን አልተወም?»

«አልተወም እማዬ። ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው።»

«ጉድ ነው! አባትሽ እኮ ሾርባው ጨው በዛበት ብሎ ሦስት ቀን ዘግቶኛል።»

«ሁለት ቀን ነው» አሉ አባቷ።

«ሦስት ነው! ሦስተኛውን ቀን ተኝተህ ነው ያለፈህ።»

ሳቁ። ከዚያ አባቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስሚኝ ልጄ። ፍርዱ ያንቺ ነው። አሳዝኖሽ ከሆነ ግን እንዳታበሪለት። ሰው አሳዘነኝ ብለሽ መብራት ከመለስሽለት አንቺም ዋሸሽ። ካመንሽው ብቻ ነው።»

ይህ ነው እንቅልፍ የነሳት። መውደዷንማ ታውቀዋለች፤ ዱቄት የነካው ቅንድብ ባየች ቁጥር ልቧ ይከዳታል። ግን ታምነዋለች? መውደድና ማመን አንድ አይደሉም። የምትወደውን ሰው መብራት አይታ እግሯ ፍሬኑ ላይ ቢያመነታ፣ ከኋላዋ አሥራ አራት ሰው አለ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጉሙ ወርዶ ነበር። ከዘጠነኛው ኩርባ በፊት ሁለት ነጭ ዓይን በጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ብልጭ፣ ብልጭ።

መኪናዋ ቀስ ብሏል። ቀስ ማለቱን ያወቀችው ከሆነ በኋላ ነው። አላሰበችም፤ እውነት ይሁን ውሸት ብላ አልመረመረችም። እግሯ ከልቧ ቀድሞ ፍሬኑን ይዟል። ኩርባውን ስትዞር የመንገድ ሠራተኞች ቦይ እየጠረጉ ነበር፤ አካፋቸውን አንስተው አሳለፏት።

«ለካ አምኜዋለሁ» አለች፣ ጮክ ብላ።

«ማንን?» አለች ዋናዋ ነርስ።

ዱቄቱ ጥጉን ይዞ እየጠበቃት ነበር። እንደ ልማዱ፣ ምንም ሳይጠብቅ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ አደረገ። ካፒቴን እጇን ዘረጋችና አንድ ጊዜ መለሰችለት።

የዱቄቱ መኪና ተንገጫግጮ ጠፋ። ሞተሩን በራሱ እግር አጠፋው! ነርሶቹ በእልልታ ሰርቪሱን ቀወጡት። ከኋላዋ ያለው አውቶቡስ አንድ ጊዜ አበራ። የአሸዋ መኪናው አበራ። ጉሙ ውስጥ ቁልቁለቱን ይዞ መብራት በመብራት ላይ ብልጭ ብልጭ አለ። ተሳዳቢው የአትክልት ሾፌር መጨረሻ ላይ ቀረ፤ ቀረና እሱም አበራ፤ አብርቶም ስድቡን ደገመ፤ ስድቡ ግን በዚያ ቀን የወንድም ስድብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማደያው ላይ አገኘችው። አፉን ሳይከፍት ቀደመችው።

«እሁድ ቤታችን ና። በእግርህ ና።»

«በእ... በእግሬ? ለምን?»

«መብራት ይዘህማ ጎበዝ ነህ። እናትና አባቴ ፊት በአፍህ ስትናገር ልስማህ።»

እሁድ መጣ። የቤቱን በር የከፈቱት እናቷ ናቸው። ታጥቦ፣ ጠቆር ያለ፣ መልከ መልካም ጎልማሳ ቆሟል።

«ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«እኔ... ዱቄቱ ነኝ።»

«ውይ! ለካ ከስሩ ሰው አለ!»

አባቷ ከወንበራቸው ተነሱ። ካፒቴን ከእናቷ ጀርባ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እናቷ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ሳቃቸው ጠፍቶ፣ ስንት ዓመት በሆዳቸው የያዙት ነገር ፊታቸው ላይ ወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ባሌን በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ልጄን እንዲህ አታስቆማትም?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። «አላስቆማትም እማማ» ቢል ሁሉም ነገር ያልቃል። እናትየው መስማት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ካፒቴንም በልቧ በለው፣ በለው ትላለች። ዱቄቱ መሬት መሬት አየ። ቁልፍ የሌለበት እጁ ባዶውን ተሽከረከረ። ከዚያ ቀና አለ።

«አስቆማታለሁ እማማ» አለ። «መንገድ ነው፣ የምዘገይበት ቀን ይኖራል። እሷም ሾፌር ናት፣ እኔንም በር ላይ ታስቆመኛለች። አይሆንም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። በር ላይ በቆምኩ ቀን ግን አላኮርፋትም።»

ካፒቴን ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ እንደገና አዩት። አንድ ዘለላ እንባ በጉንጫቸው ወረደና በእጃቸው ጀርባ ጠረጉት።

«ግባ እንጂ ልጄ» አሉ፣ ከበሩ ዞር ብለው። «ምን ያቆምሃል?»