ውዳሴና የይስሙላው ስርዝ

ውዳሴ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከእናቷ ከንግሥቴ ጋር ትኖራለች። እናቷ በአንድ ነጋዴ መጋዘን በርበሬ ስትቀነጥስ ትውላለች። ውዳሴ ሰባተኛ ክፍል ናት። የእጅ ጽሑፏ እንዴት እንደሚያምር ብታዩት! ግን ልጆች፣ አንዲት ነገር አትወድም ነበር፤ አንዴ የጻፈችውን መሰረዝ።

አንድ ሐሙስ የአማርኛ መምህርቷ እህተ ማርያም አንድ መጽሐፍ ይዘው ገቡ። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግጥም የተጻፈ ነው። ለትምህርት ከአገሯ ስለምትወጣ ልጅ ያወራል። መምህርቷ በመጀመሪያ የመለያያውን ቀን ታሪክ በራሳቸው ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉ። «አባቷ በጣም አዘነ። እጅግ በጣም ከፋው። እንባው እንደ ጎርፍ ወረደ» ይላል። ቀጥለው ከመጽሐፉ አነበቡ። እዚያ ውስጥ እንባ የለም። አባትየው የልጅቷ ጓዝ የታሰረበትን ገመድ ይፈታል፤ መልሶ ያስራል፤ ደግሞ ይፈታል። በቃ።

«ቲቸር፣ ‹አዘነ› የሚለውስ የት ሄደ?» አለች ከውዳሴ ጎን የምትቀመጠው እንቁ።

«ገመዱ ነግሮን የለም እንዴ? እናንተም እያንዳንዱን ቃል ‹እዚህ ምን ትሠራለህ?› እያላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ሰርዙት» አሉ መምህርቷ። ከዚያም የቤት ሥራ ሰጡ። «ለምታመሰግኑት ሰው ግጥም ጻፉ። ሦስት ጊዜ አርሙት። የተሰረዘው ቃል እንዲታየኝ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙ። ሁሉንም ወረቀት አምጡልኝ። ከሁሉ በላይ የለፋ ልጅ ዓርብ ሳምንት በወላጆች ቀን ያነባል።»

የውዳሴ ልብ ዘለለ። እናቷ ፊት ማንበብ! ቤት ገብታ ስለ እናቷ ጻፈች። «እናቴ ፀሐይ ነሽ፣ እናቴ ጨረቃ» ብላ ጀምራ ሳታቆም ጨረሰች።

«ይሄ ምኑ ይሰረዛል?» አለች።

ስርዝ ያለበት ወረቀት ግን ይፈለጋል። ምን አደረገች መሰላችሁ? ሌላ ወረቀት አወጣች። ሆን ብላ የማይረቡ ቃላት ጻፈችበት። ከዚያ ሰረዘቻቸውና ከላያቸው የግጥሟን ቃላት አሰፈረች። ብዙ የተለፋበት እንዲመስልም ወረቀቱን ጨምድዳ ዘረጋችው። እንዲህ እያደረገች ሦስት ወረቀት ሞላች። አይ ውዳሴ! እውነቱን ብትሠራው ይቀላት ነበር እኮ።

ሰኞ ዕለት የእንቁ ወረቀት ከስርዝ ብዛት ተቀዶ ነበር።

«ይሄን ዶሮ ነው የጫረው?» ብላ ሳቀችባት ውዳሴ።

«ምን ላድርግ፣ እንቢ እያለኝ እኮ ነው!» አለች እንቁ እየሳቀች።

ማክሰኞ መምህርቷ ውዳሴን መረጡ። «ጎበዝ! ሥርዓት ባለው መንገድ አርመሻል። እንቁ፣ አንቺም ለጥቂት ነው ያመለጠሽ።»

እንቁ አንገቷን ደፋች። ቆይታ ግን «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። ውዳሴ ዓይኗን ሳታይ ወረቀቶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ከሥራ ስትመጣ ወሬውን ሰምታ እልል አለች። «እስቲ አንብቢልኝ!»

ውዳሴ አነበበች። እናቷ አዳምጣ ስትጨርስ ፈገግ አለች።

«ያምራል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ምን አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ ይህች ፀሐይ የሆነች ሴትዮ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ እማዬ!»

«እኔ? እኔማ ፀሐይ የማየው ከመጋዘን ስወጣ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። እናቷ ጉንጯን ልትዳብስ እጇን ዘረጋች። ወዲያው መለሰችውና በክርኗ ዳበሰቻት። በርበሬ የነካ ጣት ይፈጃላ።

ውዳሴ ያንን ክርን አየችው። ስንት ዓመት እንዲህ ስትዳብሳት ኖራለች? ግጥሙ ውስጥ ግን የለም። እንባዋ መጣ።

«እማዬ፣ አላረምኩትም። ስርዙ ውሸት ነው። የለፋችው እንቁ ናት።»

እናቷ አልተቆጣችም።

«ለእኔ መንገርሽ ጥሩ። ነገ ደግሞ ለመምህርትሽና ለእንቁ ትነግሪያለሽ።»

«ከዚያ እኮ አላነብም!»

«ታዲያ ውሸት ሰምቼ ላጨብጭብ?»

በማግስቱ ውዳሴ «አምላኬ፣ አበርታኝ» ብላ ጸልያ ሄደች። ለሁለቱም ነገረቻቸው።

«እኔንም እንቁንም በድለሻል። ስለነገርሽን ግን ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ መምህርቷ። «እንቁ ታነባለች። አንቺ ደግሞ ግጥምሽን እንደገና ትሠሪዋለሽ።»

«የማይነበበውን?»

«ለማን ነበር የጻፍሽው?»

ውዳሴ መልሱን ታውቀው ነበር።

«በይ ነይ፣ አብረን እንጫር» አለቻት እንቁ። በዕረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እንቁ እየጠየቀች፣ ውዳሴ እየሰረዘች።

«‹ጨረቃ› እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ምንም።»

«‹ወርቅ›ስ?»

«እሱም ምንም።»

ዓርብ እንቁ በክረምት ወንዝ አዝሏት ስላሻገራት ወንድሟ አነበበች። ከሁሉ አስበልጣ ያጨበጨበችው ውዳሴ ናት። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እናቷን አስቆመችና ከደብተሯ አነበበችላት።

በርበሬ ቀንጥሳ ስትገባ እናቴ፣
ጣቷ እንዳይፈጀኝ ስትሳሳ ለፊቴ፣
በክርኗ ደባብሳኝ «ደኅና ዋልሽ?» ትላለች፤
የጣቷን መቃጠል መቼ ነግራኛለች።

እናቷ ክርኗን አየች።

«እንዲህ አደርጋለሁ እንዴ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔስ ልብም አላልኩት» አለች እናቷ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ለካ ታዪኛለሽ።»

ልጆችዬ፣ ስህተታችንን ሳንደብቅ ተናግረን ስናርም፣ ምስጋናችንም ሥራችንም እውነተኛ ይሆናል።