ከካሜራው ኋላ

«የማን ደጋፊ ነዎት፣ ጋሽ ካሳዬ?» አለ ሞላ፣ መርሳ ከተማ ካለው ቤታቸው ጣሪያ ላይ ዲሹን እያሰረ። የእንግሊዝ ኳስ ሊያዩ መስሎታል።

«የልጄ።»

«ልዑል ኳስ ጀመረ እንዴ?»

«የለም። ገመድ ጎታች ነው» አሉ ጋሽ ካሳዬ፣ ሹመት እንደሚናገር ሰው ረገጥ አድርገው።

ሞላ ሳቀ። መሰላሉን የያዘችው ልጃቸው ማህሌት አስረዳችው፤ ወንድሟ ልዑል አሜሪካ ውስጥ ያንን በእጅ የሚጫወቱትን የእነሱን ኳስ ለሚያስተላልፍ ቴሌቪዥን ይሠራል፤ ከካሜራ አንሺው ኋላ ገመዱን ተሸክሞ ይከተላል። ከጨዋታው በፊት ሜዳውን ሲያሳዩ ምናልባት ይታይ ይሆናል።

አባትና ልጅ አይነጋገሩም ነበር። ልዑል የቪዛው ቀን ሊያልፍበት ሆኖ የእናቱ አርባ ሳይወጣ ሲሄድ፣ ጋሽ ካሳዬ «ሁለተኛ ዓይንህን አልይ» ብለውታል። አሁን ልባቸው ታሞ ከሹፍርና ካስቀራቸው ወዲህ፣ አንደበታቸው ለመደወል እምቢ አለ፤ ዓይናቸው ግን ይፈልገው ጀመር…

እሑድ ሲመሽ መብራቱን ያጠፋሉ። መጀመሪያ በቴሌቪዥኑ ስለ ጨዋታው የሚያወሩት፣ ሱፍ የለበሱት ሰዎች ይመጣሉ። «ገና ሳይጫወቱ ይሸመግላሉ» ይላሉ ጋሽ ካሳዬ። ከዚያ ያ አረንጓዴ ሜዳ ጠባቧን ሳሎን ይሞላታል፤ በረዶ በጣለ ቀንም ከአልጋቸው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ይመስላል። የራስ ቁር ያጠለቁት ግዙፎች በጭስ መሐል ሲወጡ እሳቸው አያዩአቸውም። ከዳር፣ ገመድ በትከሻው ያደረገ አንድ ጥላ እንደ ሕልም ውል ብሎ ይጠፋል። ልዑል ይሆን? ማን ያውቃል?

«ያውና፣ አባዬ» ትላለች ማህሌት።

«ከስቷል» ይላሉ ቀስ ብለው።

በኅዳር ልዑል ከሥራ ሲመለስ መኪናው በበረዶ መንገድ ተገልብጦ ሞተ። ዘመዶች ሲሪንቃ፣ ከልዑል አክስት ከወርቅነሽ ቤት ተሰበሰቡና መከሩ። ለልብ በሽተኛ እንዴት መርዶ ይነገራል? ጥምቀት ይለፍ፣ ትንሽ ያገግሙ ተባለ። ማህሌት እዚያ ሄዳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ከቤታቸው በር ስትደርስ ነጠላዋን ትገለብጥና ፊቷን ታጥባ ትገባለች። የሞተ ሰው ገመድ ይጎትታል? እሷ ግን በየእሑዱ ታስጎትተው ነበር…

አንድ እሑድ ከሲሪንቃ መኪና ጠፍቶ መሸባት። ሰዓቱ እንዳያልፍባቸው እየሮጠች ገባች። ጋሽ ካሳዬ አንገቷ ላይ ዓይናቸውን ጥለው ቆዩ።

«ክፈቺው» አሉ።

ሜዳው በራ። ጥላው በዳር አለፈ።

«ያውና፣ አባዬ…»

«ተይ፣ ልጄ። ነጠላሽን ሳትገለብጪ ገባሽ። የሞተው ሌላ ሰው ቢሆን አትደብቂኝም ነበር።»

ማህሌት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ጥለቱን ዳሰሰችው።

«አገር ሲያለቅስለት፣ እኔ አባቱ ኳስ እያየሁ ነው የሰነበትኩት?» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። እግራቸው ሥር ወድቃ ጉልበታቸውን አቀፈች። በቴሌቪዥኑ ሱፍ የለበሱት ሰዎች በሆነ ነገር ይሳሳቁ ነበር።

ዕጣ ፈንታ ምንኛ ጨካኝ ናት… ከአንዱ የሚወደውን ዓይኑ እያየ ትወስዳለች፤ ለሌላው ከወሰደችበት በኋላ መልኩን ታመላልስለታለች። የትኛው ይከፋል?

በማግስቱ ማለዳ በግቢያቸው ድንኳን ተተከለ፤ ጋሽ ካሳዬም ከአልጋቸው ተነሥተው፣ በማህሌት ትከሻ ተደግፈው፣ ከለቀስተኛው ፊት ተቀመጡ።