በግራ በኩል

«ምቻት እንጂ! ኳስ ነው የያዝሽው ወይስ እንቁላል?» አባቷ ዶናል ከግቡ መሃል ሆኖ ጮኸ።

ኔሳ ትንሿን ኳስ ወደ ላይ ወርወር አደረገችና በዱላዋ ለጋቻት። ኳሷ ወደ አባቷ ቀኝ ተምዘገዘገች። ዶናል ሰፊውን የበረኛ ዱላውን ዘርግቶ አከሸፋት፤ ከዚያ በደስታ ዘለለ።

«አየሽ? አርባ ሦስት ዓመቱ ነው ቢሉት ማን ያምናል?»

«ማንም» አለች ኔሳ። እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ዛሬ የመታችለት ኳስ ሁሉ ወደ ቀኙ ነው። የትናንቱም እንደዚያው። ባለፈው ሳምንት አንዷ ኳስ በግራ በኩል መጥታ ትከሻውን ስትመታው «ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው» ብሏት ነበር። ሰማዩ ድፍን ደመና ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ሻይ ሲጠጡ ከግራው የተቀመጠውን የወተት ጆግ በክርኑ ደፋው። በማግስቱ የትራክተሩን ግራ መስታወት ከግቢው በር ጋር አጋጭቶ ሰበረና በሩን ሰደበ። ኔሳ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሞኝም አይደለችም። የአባቷ ግራ ዓይን አያይም፤ እሱም ይህን እያወቀ ደብቋል።

ዶናል በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የአጥቢያቸውን ቡድን የኪልቦራንን ግብ ተረክቦ ለሃያ ዓመት ለማንም አላስነካም። ዋንጫ በወሰዱበት ዓመት በመጨረሻዋ ደቂቃ ያዳናት ኳስ ዛሬም መጠጥ ቤት ውስጥ ትወራለች፤ በተወራች ቁጥርም ፍጥነቷ ይጨምራል። በኋላ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ቦታውን ኦሺን ለሚባል ጎረምሳ ለቀቀ። ኸርሊንግ የሚባለውን ይህን የአየርላንድ የዱላ ኳስ ጨዋታ ካቆመ ወዲህ ከላሞቹ ጋር ካልሆነ ብዙም የማያወራ ሰው ሆነ። ዘንድሮ ኦሺን ሥራ ፍለጋ ሲድኒ ሲሄድ አሰልጣኝ ኮርማክ ቤታቸው ድረስ መጥተው እንዲመለስ ለመኑት። ከጎረቤት በረኛ መዋስ አይቻልም፤ ሰው የሚጫወተው ለገዛ አጥቢያው ብቻ ነው። ያን ቀን ማታ ዶናል ሳህን እያጠበ ሲያፏጭ ኔሳ ሰማችው። ከስንት ጊዜ በኋላ! ዓይኑ እንደማያይ ስታውቅም ያ ደስታ እንዳይጠፋበት ብላ ኳሱን ሁሉ ወደ ቀኙ መምታት ጀመረች።

አባቷ ከግቡ ጀርባ የተበተኑትን ኳሶች ሊሰበስብ ሲሄድ ኮርማክ በድንጋዩ አጥር ላይ ተደግፈው ጠሯት።

«እንዴት ነው?»

«ማን?»

«ጳጳሱ! አባትሽ ነዋ።»

«ደህና ነው።»

«ደህና ቢሆን ነው የሚሻለው፤ ሌላ ሰው የለኝም። አሥራ አምስት ተጫዋች ለመሙላት የወንድሜን ልጅ ከሠርግ ቤት ልጎትተው ነው።» ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «እሁድ በጎረቤቶቻችን በደራቤግ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ከወረድን ደግሞ ከነሱው ጋር ያዋህዱናል። ኪልቦራን የሚባል ቡድን አበቃለት።»

«ካሸነፍንስ?»

«ለሚመጣው ዓመት እንደገና እንሰቃያለና!»

«አባዬ ባይሰለፍስ?»

«ማንንም አቆማለሁ፤ ጎል በጎል ያደርጉናል።» ትኩር ብለው አዩዋት። «ምነው? የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ ዝም ብዬ ነው፣ አሰልጣኝ።»

ተጫዋች ፍለጋ ስልክ ሊደውሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ኔሳ የደራቤግ አጥቂዎች ኳስ ሲመቱ አይታለች፤ በማያየው በኩል የምትመጣ ኳስ ደረቱን ብታገኘውስ? ባታገኘውም እኮ ያው ነው። እዚህ አገር ሰው የሚታወሰው በመጨረሻው ጨዋታው ነው። ሃያ ዓመት ያዳናቸው ኳሶች ተረስተው እሁድ የገቡበት ብቻ ይወራሉ።

«ሽማግሌው ምን አለሽ?» አለ አባቷ ኳሶቹን በራስ ቁሩ ሞልቶ ሲመለስ።

«አመሰገነህ።»

«ውሸታም! እሱ እናቱንም አመስግኖ አያውቅም።»

ኳሶቹን እግሯ ሥር ደፍቶላት የራስ ቁሩን አጠለቀ። ግቡ መሃል ገብቶ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቃት። ኔሳ በጣም ትወደዋለች። ኳሷን አነሳችና ወደ ግራው መታቻት። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚይዛት ቀሰስ ያለች ኳስ ነበረች።

የዶናል ዱላ ንቅንቅ አላለም። ኳሷ አጠገቡን አልፋ መረቡ ሥር ተቀመጠች። እሱ ግን አሁንም ወደ ፊት ያያል።

«ወደ ውጭ ወጣች፣ አይደል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«አልወጣችም አባዬ። ገብታለች።»

አንገቱን ጨርሶ ወደ ግራ አዙሮ ኳሷን አያት። ከዚያ «ድገሚያት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወደዚያው።»

ደገመቻት። ሁለተኛዋም ገባች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ወደ ቀኝ ብቻ የምትመቺልኝ?»

«ካለፈው ሳምንት» አለች።

ዶናል የራስ ቁሩን አውልቆ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «እየተሻለኝ መስሎኝ ነበር።»

ኔሳ ላስደስተው ብላ ያደረገችው ነገር ሁሉ ለካ ሲያታልለው ነው የከረመው። መጥታ አጠገቡ ተንበረከከችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። እሱም እጁን እጇ ላይ ጫነ።

ወዲያ ማዶ የኮርማክ መኪና መብራት በራ። ኔሳ ዱላዋን አባቷ አጠገብ አስቀምጣ ተነሳችና ወደ መኪናው መራመድ ጀመረች። መንገዷን እያዘገመች ነበር የምትሄደው፤ አትንገሪው ብሎ ቢጠራት እንድትሰማው። አባቷ አልጠራትም።