ፍሬን ለፈሪ

«አንዱን ምረጪ፤ ሁለቱን አልሰጥም» አለ አጎቷ፣ በግራሶ የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየወለወለ።

«መረጥኩ እኮ ጋሼ! ፍሬኑን።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ደግሜ የምጠይቅሽ ጆሮዬን ተጠራጥሬ ነው።»

የብስክሌት ጥገና ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው ባለ ሞላ የፊት ሹካ ነው፤ የፊት ጎማውን የሚይዝ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲጫኑት ቁጭ፣ ሲለቁት ብድግ የሚል። ሁለተኛው የፊትና የኋላ የዲስክ ፍሬን ነው፤ ዲስክ ከታሰረባቸው ጎማዎች ጋር፣ ከነገመዱ፣ ከነመያዣው። ሁለቱም የተፈቱት አካሉ ለሁለት ከተሰበረና ባለቤቱ «ዓይኔ እንዳያየው» ብሎ ጥሎት ከሄደ የተራራ ብስክሌት ላይ ነው። የትምህርት እረፍቱን በሙሉ የተጣመመ ቸርኬ ስታቃናለትና የተነፈሰ ጎማ ስትለጥፍለት ለከረመችው የእህቱ ልጅ፣ አጎቷ ከሁለቱ አንዱን ሊሰጣት አስቧል።

በሱቁም ሆነ በትምህርት ቤት «ብሎን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው፤ «አንዴ ከጠበቀች በቁልፍም አትፈታም» እያለ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢባል ይከፋው ይሆናል። እሷ ግን ደስ ይላታል።

«እናትሽ ብትሰማ ትመርቅሻለች» አለ አጎቷ፣ ሹካውን እንደ ሕፃን አቅፎ እያነሳ። «እኔ ግን አዘንኩ። በአንቺ ዕድሜ ብሆን ኖሮ ይኼን ሹካ ታቅፌው ነበር የምተኛው።»

«እኔም!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ካፖ ነው፤ ብስክሌቱን ደገፍ ብሎ ቆሟል። ካፖ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ከብሎን በሁለት ዓመት ይበልጣታል። ብስክሌት መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ትንሽ ሳለች ኮርቻዋን ከኋላ ይዞ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ አብሯት እየሮጠ። ከድሮው የድንጋይ ካባ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ያገኘውም፣ ዶማና አካፋ ከየቤቱ ለምኖ አራት ልጆችን ለቁፋሮ ያሰለፈውም እሱ ነው። ካፖ፣ አለቃ እንደማለት፣ የሚለውን ስም የሰጠው ሰው የለም፤ ራሱ ነው የወሰደው። ግን ሠርቶበታል።

«ብሎኔ፣ ቀልዱን ተይውና ሹካውን ያዢ» አለ ወደ ውስጥ እየገባ። «ኮረብታው ላይ በቀጥታው መንገድ ያለውን ቦይ ሳይታወቅሽ ነው የምትዘይው። ፍሬን ምን ያደርግልሻል? ቅዳሜ እኮ ሁላችንም ፍሬን እንፈታለን!»

ቅዳሜ የቁልቁለት መንገዳቸው የሚመረቅበት ቀን ነው። ሁሉም ከኮረብታው አናት እስከ ካባው በር ያለ ፍሬን ይወርዳሉ። የወረደ የቡድኑ አባል ነው፤ ያልወረደ ታች ቆሞ ያጨበጭባል። ሄልሜታቸው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው መፈክርም ይኸው ነው፤ «ፍሬን ለፈሪ»። የአምስቱንም ሄልሜት የጻፈችው ብሎን ናት፤ እጅ ጽሑፏ ያምራል ተብላ።

«ሹካው የሚያስፈልገኝ መንገዱ ስለተበላሸ ከሆነ፣ መበጀት ያለበት መንገዱ ነዋ» አለች።

«መንገዱ ደግሞ ምን ሆነ?»

«መነፅርን ጠይቀው።»

ካፖ የብስክሌቱን ደወል በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። መነፅር ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ቀጥታው ላይ ወድቆ ክንዱ ጄሶ ውስጥ ነው ያለው።

«መነፅር የወደቀው ፍሬን ስለያዘ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁላችንም አይተናል። ነገ ኮረብታው ላይ እንነጋገራለን።»

እሱ ሲሄድ አጎቷ ሹካውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጠባችሁ ስለ ብስክሌት ነው ወይስ ስለ ሌላ?»

«ስለ ብስክሌት ነው።»

«እንግዲያው ከባድ ነው» አለ አጎቷ።

ፍሬኑን ራሷ ገጠመችው። የብስክሌቷ ብረት ላይ ከፊትም ከኋላም ለዲስክ ማሰሪያ የተተዉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እስከዛሬ ጭቃ ብቻ ነው የገባባቸው። ጭቃውን በምስማር አወጣች። የፊተኛው ዲስክ መጀመሪያ ጭር ጭር እያለ መያዣውን ይነካ ነበር። ብሎኖቹን ላላ አድርጋ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨብጣ ይዛ፣ እንደገና አጠበቀቻቸው። ጎማውን በጣቷ ስታሽከረክረው ድምፅ ጠፋ።

ከሱቁ በታች ባለው ቁልቁለት ሞከረችው። ድሮ ከአናቱ ጀምራ እየያዘች ነበር የምትወርደው፤ አሮጌው ፍሬን ከመያዙ በፊት ያስባል። አሁን ግን ለቀቀችው፣ ነፋሱ ዓይኗን እስኪያስለቅሳት ለቀቀችው፣ ከግንቡ አጠገብ ስትደርስ በአንድ ጣት ጠቅ አደረገች። ቆመ።

እየሳቀች ተመለሰች። «ጋሼ! ለካ ቀስ ብሎ የሚወርደው ፍሬን የሌለው ነው! እንደምቆም ካወቅኩ ምን አስፈራኝ?»

«ሄልሜትሽ ላይ ጻፊዋ።»

ሳቋ ጠፋ። ሄልሜቷን አውልቃ ጽሑፉን አየችው።

ስለ ፍሬኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከካፖ ጋር ባልተካረረች ነበር። ሌላ ነገር አለ። ቀጥታው ያለው ጥልቅ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ሲቆፍሩት፣ መንገዱ ወደ ኮረብታው ጎን ይጋደል ብላ ችክ ያለችው ብሎን ናት፤ የሚንሸራተት ሰው ወደ ሸለቆው ሳይሆን ወደ ኮረብታው እንዲጠጋ። መነፅር ያኔ «ውሃውስ በየት ይወጣል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ውሃ የራሱን መንገድ ያውቃል» ብላ አፉን አስያዘችው። እውነትም አወቀ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ሸለቆው መፍሰሻ አጥቶ የመንገዱን ርዝመት ይዞ ወረደና መሃሉን ጎማ የሚውጥ ቦይ አደረገው። መነፅርን የጣለው ያ ቦይ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ አምስቱም ኮረብታው አናት ላይ ተቀመጡ፤ ካፖ፣ መንታዎቹ፣ መነፅር ከነጄሶው፣ ብሎን። ዶማው፣ አካፋው፣ ራስቴሎውና አፈር የሚሸከሙበት ባሬላ ዛፉ ሥር ተከምረዋል።

«ቀጥታው ይዘጋ» አለች ብሎን ቆማ። «ከላዩ ሰፊ መታጠፊያ እንሥራና በሣሩ በኩል ይዙር። ትንሽ ወደ ውጪ ይጋደል፣ ውሃው ወዲያው እንዲወርድ። ያኛውን ያጋደልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።»

«ሁለት ቀን ሲቀረው?» አለ አንደኛው መንታ።

«መታጠፊያ ከሠራን እኮ ፍሬን ያስፈልጋል» አለ ሌላኛው።

«አዎ ያስፈልጋል።»

መንታዎቹ ካፖን አዩት። ካፖ የሣር ዘንግ እያኘከ ነበር። «ስሚ» አለ፣ ሳይቆጣ። «ይኼን መንገድ ቀጥታው ነው መንገድ ያደረገው። እሱ ከሌለ የሕፃን መጫወቻ ነው። ስንት ቀን ቆፍረን፣ እጃችን ቆስሎ፣ በመጨረሻ እየጎተትን ልንወርድ ነው? ፈርተሽ ከሆነ ፈራሁ በይ፤ ማንም አይስቅብሽም።»

«እስቃለሁ» አለ አንደኛው መንታ።

«አንተ ዝም በል።»

ብሎን መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ካፖ እግር ላይ ወደቀ። አንዱን እግሩን ዘርግቶ ነበር የተቀመጠው። የግራ ጫማው ሶል ከተረከዙ በኩል አልቆ ካልሲው ሊታይ ምንም አልቀረውም። የቀኙ ደኅና ነው። ወደ መንታዎቹ ዞረች። እነሱም ግራ እግራቸው።

«እናንተ!» አለች። «ጫማችሁን አሳዩኝ። ግራውን!»

«ለምን?»

«ፍሬናችሁን ልየዋ! ፍሬን ለፈሪ ትላላችሁ፣ ለካ ፍሬኑ ያለው ጫማችሁ ላይ ነው!»

መነፅር በደኅናው እጁ አፉን ያዘ፤ ግን አልቻለም፣ ሳቁ በአፍንጫው ወጣ። አንደኛው መንታም ሳቀና የካፖን ፊት ሲያይ ጫማውን ከቁጥቋጦ ሥር ሸጎጠ።

ካፖ ጆሮው ቀላ። «ሁሉም ሰው እግሩን ያሳርፋል» አለ። «እሱና ፍሬን አንድ አይደለም።»

«አይደለም። ፍሬን ይሻላል።»

«በቃ!» ካፖ ተነሳ። «ቅዳሜ ፍሬኑን ፈትቶ በቀጥታው የወረደ አባል ነው። ያልወረደ አይደለም። ይኼ ለአንቺም ነው፣ ብሎን። ለአንቺ ብዬ ሕግ አልቀይርም።»

ይኼን ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ ብሎን ሰምታዋለች። ይኼ ልጅ ኮርቻዋን ይዞ የሮጠው ልጅ ነው። ያለ እሱ ይኼን ኮረብታ አታውቀውም፤ ያለ እነሱ ደግሞ ከትምህርት በኋላ የምትሄድበት የላትም። ቢሆንም አልተቀመጠችም።

«ለእኔ ብለህ አትቀይረው» አለች። «መነፅርን አይተህ ቀይረው።»



ቅዳሜ ጠዋት ኮረብታው ላይ ቀድማ የደረሰችው ብሎን ናት። በመጀመሪያ ሣሩን ከነሥሩ ላጠች፤ ሣር ላይ የተከመረ አፈር ሲበሰብስ ይንሸራተታል። ቀጥሎ በዶማ ቆፈረች፣ በአካፋ ጠረገች፣ በራስቴሎ ደለደለች። ባሬላው ግን ለሁለት ሰው ነው። ግማሽ አፈር ጭና አንዱን ጫፍ ይዛ እንደ ማረሻ ጎተተችው።

«በሬ መስለሻል» አለ መነፅር፣ ከየት እንደመጣ ሳታየው።

«መጣህ? እርዳኛ!»

«በአንድ እጅ?»

«እሺ በእግርህ ጠቅጥቅ። እግርህም ጄሶ ውስጥ ነው?»

መነፅር እያጉረመረመ አዲሱ አፈር ላይ ወጣና እንደ ዳንሰኛ ረገጠው። መታጠፊያው ቅርጽ ሲይዝ ብሎን የመጠጥ ውሃዋን ከላይ አፈሰሰችበት። አብዛኛው ወደ ውጪ ተንሸራቶ ሣሩ ውስጥ ጠፋ። የቀረው መሃል ላይ ተኛ። እዚያችው ቦታ ላይ እንደገና በራስቴሎ ሳብ ሳብ አደረገች።

ከላይ ፉጨት ተሰማ። ካፖ አናቱ ላይ ነው፤ መንታዎቹ ከኋላው። የፍሬኑን ገመድ ፈትቶ አንገቱ ላይ እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥሎታል።

«ብሎን! ዘወር በይ፣ ለከሰዓቱ ልሞክረው ልወርድ ነው!»

እሷ የቆመችው ቀጥታው አፍ ላይ ነው። በግራዋ አዲሱ መታጠፊያ፣ በስተጀርባዋ ቦዩ። መነፅር ወደ ጎን ሸሸ። «በናትሽ፣ ነይ» አለ በሹክሹክታ።

«መንገዱ ዝግ ነው!» ብላ ጮኸች ወደ ላይ።

«ማን ዘጋው?»

«እኔ!»

«አልቀልድም!»

«እኔም!»

ካፖ ብስክሌቱን ለቀቀው። ጎማው ድንጋይ እየረጨ፣ ብስክሌቱ እየተንገጫገጨ መጣ። ብሎን አካፋዋን እንደ ምርኩዝ መሬት ላይ ተክላ ያዘችው። ፊቱ እየቀረበ፣ ዓይኑ እየሰፋ መጣ። ግራ እግሩ ወረደ፣ ጫማው መሬቱን ጫረ፣ አቧራ ተነሳ። አልቆመም። በመጨረሻዋ ቅጽበት መሪውን ጠምዝዞ መታጠፊያው ውስጥ ገባ።

መታጠፊያው ያዘው። አዲሱ አፈር ከሥሩ እየተፈረካከሰ፣ ግን ያዘው፤ አዙሮት ሣሩ ላይ አወጣውና እዚያ ፍጥነቱ አልቆ ቆመ።

ካፖ ከብስክሌቱ ወረደ። ሱሪውን አራገፈ። ተመልሶ መጥቶ የመታጠፊያውን ጫፍ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«እዚህ ጋ አፈሩ ይሸሻል» አለ። «አልተጠቀጠቀም።»

«አይቻለሁ» አለች ብሎን።

«እብድ ነሽ። ልገድልሽ ነበር።»

«ፍሬን ቢኖርህ አትገድለኝም ነበር።»

ካፖ ወደ ብስክሌቱ ዞረ። «ከሰዓት የምንመርቀው በቀጥታው ነው» አለ። «ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«እናንተ ናችሁ የጨረሳችሁት።»

ካፖ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ አናቱ ወጣ። መንታዎቹ ተከተሉት፤ አንደኛው ዞሮ መታጠፊያውን አየና ሄደ።

«አሁንስ?» አለ መነፅር። «ከሰዓት ሁላችንም ተሰልፈን ልናጨበጭብ ነው?»

ብሎን ሄልሜቷን አውልቃ ገለበጠችና ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኮረብታው ጎን ያሉትን ድንጋዮች እያየች መራመድ ጀመረች። ሁለት ልጅ ተጋግዞ የሚያነሳቸውን አለፈቻቸው። ሦስት ልጅ ሊገፋቸው የሚችለውንም አለፈች። ከቀጥታው አፍ በላይ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ ግዙፍ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ዙሪያውን ዞረችው።

«ይኼን?» አለ መነፅር። «አንዴ ተንከባሎ ቀጥታውን ከዘጋ አምስታችንም ብንሆን ወደ ቦታው አንመልሰውም እኮ!»

«ለዚያ ነው» አለች፣ የዶማውን ጫፍ ከድንጋዩ ሥር እያስገባች።

በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ምንም። ዶማውን አውጥታ ሌላ በኩል አፈሩን ፈለፈለች፣ እንደገና አስገባች፣ እንደገና ተንጠለጠለች። ድንጋዩ ትንፋሽ ታህል ነቅነቅ አለ። ብሎን መዳፏ ላይ እንትፍ አለችና እጀታውን እንደገና ጨበጠች።