ካሜራ የሌለው ኮምፒውተር

እመኑኝ አትመኑኝ፣ ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ሌሊትም አልነበረም... ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ወር ቀደም ብሎ "ምሳ በልቼ ልምጣ" ብሎ ከሱቁ ወጣ...

ወጥቶ ቀረ።

ፎቶውን "ጠፍቷል" ብለን በየግድግዳው ለጠፍን። አንዱን እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ሰቀልነው። የቀረን ተስፋ ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። ከማን ጋር እንደተጻጻፈ፣ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ቢገኝ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ኮምፒውተሩ ግን አራት ደቂቃ አይቆይም። ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ድርግም ይላል።

ያን ቅዳሜ ልጠግነው በወንድሜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ግራጫ ሹራቧን ለብሳ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

እሱ እንዳስተማረኝ ከራሙ፣ ከማስታወሻ ካርዱ፣ ጀመርኩ። "መጀመሪያ ጥርሱን እጠብለት" እያለ ይቀልድ ነበር። ሁለቱን ራሞች ነቀልኩ፣ የብረት ጥርሳቸውን በእሱ ላጲስ ፈተግኩ፣ እፍ ብዬ መለስኳቸው።

ጠፋ።

አንዱን ብቻ ሰክቼ ሞከርኩ። ጠፋ። ሌላውንም ሞከርኩ፣ ያው ነው።

ቀጥሎ ድራይቨር፣ ዕቃዎቹን የሚያሠራው ፕሮግራም። ዝርዝሩን ስከፍት አንድ ቢጫ ምልክት አየሁ። የካሜራ ድራይቨር ይጎድላል ይላል።

ይሄ ኮምፒውተር ካሜራ የለውም...

ግራ ቢገባኝም ጨንቆኝ ነበርና ከፍላሽ ላይ ጫንኩለት።

ምስል መጣ።

የራሳችን ሱቅ ነው። ጠረጴዛው፣ የተከፈተው በር፣ ሁሉም አለ። እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ግን ወንድሜ ተቀምጧል። ያን ቀን በወጣበት ሸሚዝ። ከስቷል፣ ፂሙ አድጓል።

"እማዬ..." አልኩ በሹክሹክታ።

"ዝም በል። አየሁት።"

ጎንበስ ብሎ ፊቱ ያለውን ኮምፒውተር ከፈተ። ራሙን ነቀለ...

የእኛ ስክሪን ሰማያዊ ሆነ።

መልሼ አስነሳሁት። ወንድሜ ራሙን በዚያው ላጲስ ይፈትጋል። እፍ ብሎ ሰካው። ከዚያ ደግሞ ነቀለው። ደግሞ ጠፋብን።

ያኔ ገባኝ። እሱም እየጠገነ ነው። እሱ ሲነቅል የእኔ ይጠፋል፣ እኔ ስነቅል የእሱ።

እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። "በቃ አትንካው ልጄ። እጅህን ሰብስብ።"

ሰበሰብኩ። ምስሉ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ወንድሜ ቀጥ ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ... ስሜን ነው የጠራው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ ከጀርባው ያለውን ወረቀት አየሁ። "ጠፍቷል" ይላል።

ፎቶው የእኔ ነው።

ከጎኑ፣ በርጩማው ላይ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ትከሻውን ታሻሻለች...

ዞር አልኩ። አጠገቤ ያለው በርጩማ ባዶ ነው።

"እማዬ?"

ስክሪኑ ላይ ወንድሜ እጁን ወደ ራሙ ሰደደ።

"አትንቀል..." አልኩት። "በእናትህ፣ አትንቀል።"

ነቀለው።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ጠፍቶ አያውቅም። ካሜራ የሚባል ነገርም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፋይሉን ሁሉ በረበርኩ፣ የረባ ነገር አላገኘሁም። እናቴንም በየቦታው ፈለግኳት። አሁን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ እንዲበላሽልኝ ስለምነው እውላለሁ።

የወንድሜን ላጲስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጄ አልነካሁትም። ያኔ ገና ግማሹ ነበር...

ዛሬ ጠዋት ሳየው ጥፍሬን አያህልም።