ረድፍ አሥራ ሰባት

ቀለሙ አግማስ ፍቅር የያዘው በሜትር ነው። ሌላው ሰው በዓይን ይያዛል፣ በድምፅ ይያዛል። እሱ የተያዘው ሠላሳ ሰው ተለክቶ ባለቀበት ቀን፣ ወረቀቱ ላይ አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ባዶ መሆኑን ሲያይ ነው።

ነገሩ ኮምቦልቻ የሚማሩ የሦስት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ነበር። ርዕሱን መምህራቸው አቶ ምንይሉ ሰጧቸው፦ «ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው፣ ወገብ የማይገድል ወንበር።» ቀለሙ የቦሩ ሜዳው የቄስ አግማስ ልጅ ነው፤ የሚስለው እሱ ነው። ፈሪድ ኮምቦልቻ አጎቱ ብየዳ ቤት ያደገ፣ እየበየደ የሚያወራ፣ እያወራ የሚበይድ ልጅ ነው። ሦስተኛዋ ወንጌላዊት ናት፣ የደሴዋ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሯ። ቅዳሜና እሁድ እናቷ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለአንድ ድርጅት የተቀረጸ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። ከሦስቱ የወንበር ችግር ያለባት እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህን ግን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሥራ የሰው ልክ መውሰድ ነው። ከወለል እስከ ጉልበት እጥፋት፣ የዳሌ ስፋት፣ ከመቀመጫ እስከ ክርን፣ ከመቀመጫ እስከ ትከሻ። ወንዶቹን ሁለቱ ለኩ። ሴቶቹን ወንጌላዊት ትለካለች፤ ቀለሙ ጀርባውን ሰጥቶ የምትጠራለትን ቁጥር ይጽፋል። እንዲህ ይሁን ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። ሌላ መንገድ ያሰበም የለም።

«አሥራ ሰባተኛው ባዶ ነው» አለ ቀለሙ። «ያንቺ ነው።»

«ራሴን ለክቻለሁ። ጻፍ።»

አራት ቁጥር ጠራች። ጻፈ። ሰው ተቀምጦ የገዛ ትከሻውን ከፍታ በራሱ እንዴት እንደሚለካ አልጠየቃትም፤ መጠየቁ ነውር መሰለው። ምህንድስና ነውር አያውቅም ይባላል። መሐንዲሶቹ ግን ያደጉት ወሎ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያን ረድፍ በቃሉ ያዘው። ዳዊት በቃሉ የያዘ የቄስ ልጅ አራት ቁጥር አያቅተውም።

ዓርብ ዓርብ አብረው ወደ ደሴ ይወጣሉ። እሷ ቧንቧ ውሃ ትቀራለች፣ እሱ ሌላ ሚኒባስ ይዞ ወደ ቦሩ ሜዳ ይቀጥላል። ወንጌላዊት ሁልጊዜ ሰፊ ሹራብ ትለብሳለች፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ ታንጠለጥላለች፤ ትንሽ ዘንበል ማለቷን ያየ ሁሉ ቦርሳውን ይወቅሳል። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ትንፋሿ እያጠረ ይሄዳል። መስታወቱን ትከፍታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ቀለሙ ይህን ሁሉ ያያል። አጠገቧ ስለተቀመጠ መሰለው። እሱም ትንፋሹ ያጥር ነበርና።

አቶ ምንይሉ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «የሠላሳውን ሰው አማካይ ውሰዱ» አሉ።

«ጋሼ፣ አማካይ የሚባለውን ሰው እኔ እስካሁን አላገኘሁትም» አለ ፈሪድ። «ወላሂ ባገኘው ሻይ እጋብዘዋለሁ።»

ካርቶን ቆርጠው ሞከሩ፣ ጣሉ፣ እንደገና ቆረጡ። የብረቱን ሥዕል የሳለው ቀለሙ ነው። ፈሪድ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሥዕሉን ዘርግቶ ዝም አለ። የፈሪድ ዝምታ ያስደነግጣል።

«አንተ፣ ይሄ ቁጥር አማካይ ነው?»

«ከወረቀቱ ነው የወሰድኩት።»

«ከስንተኛው ረድፍ?»

ቀለሙ ሜትሩን ማጠፍ ጀመረ።

«አብሽር» አለ ፈሪድ፣ የብየዳ መነጽሩን ወደ ዓይኑ እያወረደ። «እኔ አልሰማሁም። ብረት ያዘዙትን ነው የሚሆነው።»

ሥራው በሚገመገምበት ቀን ሦስት መምህራን ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ተማሪው ከኋላ ሞላ። ወንበሩ ያምራል፤ ግራጫ ቱቦላሬ፣ ጥቁር ስፖንጅ። ቀለሙ ከማንም በፊት «ወንጌላዊት ትቀመጥበት» አለ። ይህን ቀን ሁለት ወር ጠብቆታል። ስትቀመጥ ልክክ ይላል፣ ዞር ብላ ታየዋለች፣ ይገባታል። ያሰበው ይህን ነበር።

ወንጌላዊት ወንበሩን አየች፣ ቀለሙን አየች። ተቀመጠች። መደገፊያው ከቀኝ ትከሻዋ በታች ገፋት። ተስተካከለች፤ ገፋት። እንደገና ሞከረች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ሹራቧን ወደ ፊት እየሳበች ተነሣች።

«ምንድን ነው?» አሉ አንዱ መምህር።

«ምንም። ሌላ ሰው ይሞክረው።»

የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ትህትና ናት ከመሃል የወጣችው። እንጨት የዋጠች ይመስል ቀጥ ብላ የምትሄድ ልጅ። ተቀመጠች፣ ተደገፈች፣ ሳቀች።

«ውይ! እኔን ለክተው የሠሩት ነው የሚመስለው።»

ተጨበጨበ። ጥሩ ውጤት አገኙ። ቀለሙ ወረቀቱን አወጣ። ረድፍ ዘጠኝ፣ ትህትና። ረድፍ አሥራ ሰባት፣ ወንጌላዊት። የሁለቱም አራት ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ወር ሙሉ የትህትናን ጀርባ ሲያፈቅር ኖሯል።

በዚያው ዓርብ በሚኒባስ ግማሽ መንገድ ሄዱ።

«ለምን የእሷን ቁጥር?» አላት ቀለሙ።

«ቀጥ ብላ ስለምትሄድ።»

«አንቺስ?»

ወንጌላዊት መስታወቱን ከፈተች። «እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አከርካሪዬ ይጣመማል። አሁን ሳንባዬን ተጭኖታል። በልጅነትሽ ቀዶ ጥገና ቢደረግልሽ ኖሮ አሉኝ ሐኪሞቹ። በልጅነቴ እናቴ ጸሎት አስደረገችልኝ። አትውቀሳት፤ ብር አልነበራትም፣ ጸሎት ነበራት።»

«ይሄ ትንፋሽሽ…»

«ዳገቱ ነው። ምን መስሎህ ነበር?»

ቀለሙ ምን መስሎት እንደነበር ነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ሳሉ ሲቆም እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፣ እስከ ደሴም አላነሣችው።

«ግማሹ ዳገቱ ነው» አለች።

ሰኞ ቄስ አግማስ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃፍ ላይ ለአንድ ደብተራ መቋሚያ ይጠርባሉ። ቀለሙ ስለ ወንበሩ ነገራቸው። ስለ አማካዩም።

«መቋሚያ በአማካይ አይቆረጥም» አሉ። «ሰውየውን ታቆመዋለህ፣ ብብቱ ሥር ምልክት ታደርጋለህ፣ ትቆርጣለህ። አንካሳም ቢሆን እንደ አንካሳነቱ። ልጅቷ የማን ናት?»

«የወይዘሮ አስናቀች። ቧንቧ ውሃ።»

«ደብራቸው የት ነው?»

«ፕሮቴስታንት ናቸው፣ አባ።»

ቄስ አግማስ ብዙ ጠረቡ። ከሚገባው በላይ ጠረቡ፤ መቋሚያው ቀጠነ።

«እነሱስ ቁጭ ብለው ነው የሚያመልኩት» አሉ በመጨረሻ። «ወንበር ያስፈልጋቸዋል።»

እርግማንም ምርቃትም አልነበረም። ቀለሙ እንደ ምርቃት ወሰደው።

የሁለተኛው ወንበር ልክ የተወሰደው ወይዘሮ አስናቀች ቤት፣ ወይዘሮ አስናቀች ፊት ነው። ሴትዮዋ ሶፋው ጫፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ወንጌላዊት በርጩማው ላይ፣ ሹራቧን አውልቃ፣ በስስ ሸሚዝ ተቀመጠች። ቀለሙ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዞ መጥቷል፤ ሽቦውን አከርካሪዋ ላይ ከአንገቷ ጀምሮ እየተጫነ ወደ ታች ወረደ። ሽቦው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ግራ ሄደ።

«ያስጠላል?» አለች ወደ ግድግዳው እያየች።

«ዝም በይ። ስታወሪ ይንቀሳቀሳል።»

«ቀለሙ።»

«ወንዝ ነው የሚመስለው» አላት። «አሁን ዝም በይ።»

ሲጨርስ ወደ ወይዘሮ አስናቀች ዞረ። «እትዬ፣ በጥቅምት ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ።»

«የቄስ ልጅ አይደለህ? አባትህ ሽማግሌ ሆነው እኔ ቤት ሊመጡ?»

«እጠይቃቸዋለሁ።»

ወይዘሮ አስናቀች የልጃቸውን ጀርባ አዩ። በመሸፈን እንጂ በማየት አልለመዱትም። «ወንበሩን አስቀድም» አሉ።

ሽቦውን በሰው በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ቅርጫት የያዙ አንዲት እናት ገፋ ሲያደርጉት «እማማ፣ እንዳይጣመም!» ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ሽቦውን አዩት። «ከዚህ በላይ ምን ሊጣመም ነው፣ ልጄ?»

ፈሪድ ያን ሽቦ አይቶ አልቀለደም። ቱቦላሬውን እያሞቀ እያጠፈ አራት ቀን ፈጀበት፤ ሦስት ጊዜ ፈትቶ እንደገና በየደ። ወንበሩ ሲያልቅ የተመታ መኪና ይመስል ነበር።

ወንጌላዊት እናቷ ቤት ተቀመጠችበት። ተደገፈች። አንዴ ተነፈሰች፣ ቆየችና ሌላ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች።

«ትንፋሼ ወረደልኝ» አለች። በመስኮቱ በኩል ጦሳ ይታያል። «ያንን ተራራ አንገቴን ሳላጣምም አይቼው አላውቅም።»

ሰባት ሳምንት ተቀመጠችበት። በርጩማው ላይ ሩብ ሰዓት የማትቆየው ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትነሣ ትጽፋለች። ቀለሙ ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያያታል። ስትደክም እጇን ትዘረጋለታለች፣ ይይዘዋል፣ በሌላው እጇ ትጽፋለች። ቄስ አግማስም «በጥቅምት እንግዲህ መንገዱ ይደርቃል» ብለው ነበር። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክረምቱ አልጠበቀም። በነሐሴ ብርድ መታት። ሌላ ሰው በሳምንት የሚነሣበት ጉንፋን ነበር፤ የእሷ ሳንባ ግን ለእሱም ቦታ አልነበረውም። ሆስፒታል ገባች፣ ኦክስጅን ተደረገላት። በሦስተኛው ቀን ቀለሙን ጠርታ ጆሮውን አስጠጋችው።

«አልጋው ቀጥ ያለ ነው» አለችው። «ለትህትና ይሆናል።»

በአምስተኛው ቀን አረፈች።

ለቅሶ ቤት ሁልጊዜ ወንበር ያንሳል። ከዕድሩ የመጣው አልበቃ ብሎ ከቤት ያለው ሁሉ ወጣ፤ ያም ወንበር ወጣ። አንድ ሽማግሌ ተቀመጡበት፣ ተቁነጠነጡ፣ ተነሡ። አንዲት ጎረቤት ተቀመጠች፣ ተነሣች። አቶ ምንይሉ ተቀመጡ። በሁሉም ነገር አማካይ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ተነሡ። ወንበሩ በሞላ ድንኳን ውስጥ ባዶውን ቀረ፤ ሰው ቆሞ።

«አንተ ነህ አሉ የሠራኸው?» አለች ጎረቤቲቱ ቀለሙን። «ጠምሟል እኮ። ከእነዚያ ብየዳ ቤቶች ወስደህ አቅናውና ሰው ይቀመጥበት እንጂ።»

ቀለሙ ወደ ወንበሩ ዞረ። ወይዘሮ አስናቀች ከተቀመጡበት ፍራሽ ቀና አሉ።

የመለሰላት በር ላይ የቆመ ሰው ነው። ቄስ አግማስ ከቦሩ ሜዳ መጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ፕሮቴስታንቶቹ ቁጭ ብለው ሲዘምሩ፣ እሳቸው በልባቸው የራሳቸውን ጸሎት ያደርሳሉ። በጥቅምት ሊመጡበት የነበረ ደጅ ነው።

«ተዉት» አሉ። «አልጠመመም። ልኩ ነው።»

ቀለሙ ሄዶ ተቀመጠበት። ሲሠራውም ሆነ ሲያስረክበው አንድ ቀን ተቀምጦበት አያውቅም። ወንበሩ ቀኝ ትከሻውን ወደ ፊት ገፋው፣ ወገቡን ወደ ግራ ሳበው። መጀመሪያ ታገለው። ኋላ ሰውነቱን ለቀቀለት፣ እንደ እሷ ዘንበል አለ።

ዝማሬው አልቆ ሰው ተበተነ። ፈሪድ መጥቶ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀለሙ ወገቡን አመመው።

አልተነሣም።